ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ጋጋሪውና መምህሩ ሂትለርን ለምን ደገፉ?

ስለ ሚልተን ማየር መጽሐፍ የቀረበ ሂስ



በየዓመቱ በኒሳን ወር 27ኛ ቀን የሾዓ መታሰቢያ ሲከበር፣ ሲረኑ ለሁለት ደቂቃ ሲጮህና አገሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጥያቄ ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ እንዴት እንደ ተገደሉ አስተማሪዎቻቸው ይነግሯቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ለአባትና ለእናት የሚተርፍ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ገዳዮቹስ ይሁን፤ ጎረቤቶቹ ምን ሆነው ነው? ያ ሁሉ የተማረ ሕዝብ አንድን ሰው እንዴት ተከተለ?» የሚል ነው።

በብዙዎቻችን ቤት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። አንዱ «ክፉዎች ስለ ነበሩ ነው» ይላል። ሌላው «ተታለው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ፈርተው ነው» ይላል። ሦስቱም ጥቂት ጥቂት እውነት አለባቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም ልጁን አያጠግቡትም። ክፉዎች ስለ ነበሩ ብቻ ከሆነ፣ እኛ ክፉዎች አይደለንምና ከታሪኩ የምንማረው ነገር የለም ማለት ነው። ተታለው ነው እንዳንል፣ ሂትለር አይሁድን እንደሚጠላ አልደበቀም፤ ሥልጣን ከመያዙ ስምንት ዓመት አስቀድሞ በመጽሐፍ አሳትሞታል። ፈርተው ነው እንዳንልም፣ ትልቁ ፍርሃት የመጣው ሰውየው መንግሥቱን ከያዘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በምስጢር የምርጫ ወረቀት ድምፃቸውን የሰጡትን ሚሊዮኖች ፍርሃት ብቻውን አያስረዳልንም።

ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ሰዎቹ ቤት የሄደ አንድ ጸሐፊ አለ። ሚልተን ማየር ይባላል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በ1955 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመ ሲሆን፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነጻ የሆኑ መስሏቸው ነበር» እንደ ማለት ነው። በ2017 እንደገና ታትሞ ብዙ አዲስ አንባቢ አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለወላጆች የሚጠቅም መጽሐፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም እንዳለ የሚዋጥ መጽሐፍ አይደለም። ደራሲው ዋናውን ነገር በእጁ ከያዘ በኋላ የለቀቀው ይመስለኛል። ለምን እንደዚህ እንዳልሁ ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

አሥሩ ሰዎች

ማየር በ1908 በቺካጎ የተወለደ የአይሁድ ልጅና ጋዜጠኛ ነበር። በ1935 ሂትለርን አነጋግሮ ለመጻፍ ወደ ጀርመን ሄደ፤ አልተሳካለትም። ይሁን እንጂ አገሩን ዞሮ ሲመለከት፣ ነገሩ ጥቂት ጨካኞች በብዙ ሕዝብ ላይ የጫኑት ቀንበር ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ሕዝብ ወዶ የገባበት እንቅስቃሴ መሆኑን ተረዳ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ቤተሰቡን ይዞ ተመለሰና በማርቡርግ ከተማ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ማርቡርግ በሄሰን አገር በላን ወንዝ ዳር ያለች፣ ከ1527 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ሰዎቹን ላለማጋለጥ ሲል ስሟን ለውጦ «ክሮነንበርግ» ብሏታል።

በዚያም ከአሥር ወንዶች ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ከእነሱ መካከል ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ዕዳ ሰብሳቢ፣ ፖሊስ፣ ሥራ ፈትቶ የነበረ የባንክ ጸሐፊና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ይገኛሉ። አንዳቸውም ትልቅ ሹም አልነበሩም። ሁሉም ግን ናዚዎች ነበሩ። ማየር እየተመላለሰ ብዙ ሰዓት አወያያቸው። አይሁዳዊ መሆኑን ግን አልነገራቸውም። በሰነድ ስለ እነሱ የሚያውቀው ነገር እንዳለም ደበቃቸው።

የመጽሐፉ ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ጭራቆች ሆነው አልተገኙም። ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ፣ ጎረቤት ሲታመም የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ልብስ ሰፊው በኅዳር 1938 የከተማዋ ምኩራብ በተቃጠለበት ሌሊት እጁ አለበት ተብሎ ከጦርነቱ በኋላ ተፈርዶበታል። እንዲህም ሆኖ አብዛኞቹ ከጦርነቱ በፊት የነበሩትን የናዚ ዓመታት የዕድሜያቸው መልካም ዘመን አድርገው ያስታውሷቸዋል። ማየር ይህን ሲሰማ አልጮኸባቸውም። «ለምን መልካም ሆነላችሁ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ። እኛም ከዚህ ጥያቄ እንጀምር።

ምን አገኙ?

በ1923 የጀርመን ገንዘብ ወደቀ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር አንድ የአሜሪካ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ። ዕድሜውን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ያጠራቀመ አናጢ ወይም ጡረተኛ፣ ጥሪቱ አንድ ዳቦ የማይገዛበት ቀን መጣ። ከዚያ ኑሮ መለስ አለ ሲባል በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ተናጋ። በ1933 መግቢያ ላይ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጀርመናውያን ሥራ ፈት ነበሩ።

የምርጫውን ቁጥር ከዚህ ጎን አድርገን እንመልከት። በግንቦት 1928 የሂትለር ፓርቲ ከመቶ 2.6 ብቻ አገኘ። በመስከረም 1930 ከመቶ 18.3 አገኘ። በሐምሌ 1932 ደግሞ ከመቶ 37.3 አግኝቶ በምክር ቤቱ ትልቁ ፓርቲ ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ የጀርመን ሕዝብ ባሕርይ አልተለወጠም። የተለወጠው ኑሮው ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ መታረም ያለበት አሳብ አለ። ብዙ ሰው «ረሃብተኛው ነው የመረጠው» ይላል። የምርጫ ታሪክ አጥኚዎች ያገኙት ግን ከዚህ ይለያል። ሥራ የፈቱት የፋብሪካ ሠራተኞች ይልቁንም ወደ ኮሙኒስቶች አደሉ። ናዚዎች የበረቱት በትናንሽ የፕሮቴስታንት ከተማዎችና በገጠር፣ በባለ ሱቁ፣ በባለ እጁ፣ በመንግሥት ጸሐፊውና በገበሬው ዘንድ ነበር። ያ ሰው ገና አልተራበም። እንዳይራብና ከነበረበት ደረጃ እንዳይወርድ ግን እጅግ ይፈራ ነበር። የወደቀ ሰው ከሚቆጣው ይልቅ ልወድቅ ነው ብሎ የሚፈራው አንዳንድ ጊዜ የባሰ ይቆጣል። የማየር ልብስ ሰፊና ዳቦ ጋጋሪ በትክክል ከእነዚህ ወገን ናቸው።

ከ1933 በኋላስ ምን አገኙ? ሥራ ተገኘ። መንገድ ተሠራ፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። አዲስ ለሚጋቡ ወጣቶች እስከ 1,000 ማርክ የጋብቻ ብድር ተሰጠ፤ አንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር የብድሩ ሩብ ይሰረዝ ነበር። በ1933 በነሐሴ ወር በ76 ማርክ የሚገዛ የሕዝብ ራዲዮ ወጣ። ከዚያ በፊት ከከተማው ወጥቶ የማያውቅ ሠራተኛ መንግሥት ባዘጋጀው ሽርሽር ባሕር አየ። ከገንዘቡም በላይ ክብር አገኘ። መምህሩ ለማየር ከነገረው ውስጥ እጅግ ልብ የሚነካው ይህ ነው። እሱ ቀድሞ ናዚን የሚቃወም ሰው ነበር፤ በ1937 ግን ፓርቲው ውስጥ ገባ። ፍርሃትም ጥቅምም እንዳስገባው አይክድም። ከገባ በኋላ ግን ከተራው ሰው ጋር እኩል ሆኖ መቀመጥ ደስ እንዳሰኘው ይናገራል።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ሂትለርን የደገፉት በከንቱ አልደገፉትም። እውነተኛ ነገር ተሰጥቷቸዋል። ይህን የማይነግር የታሪክ ትምህርት ለልጆቻችን ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው እውነተኛ ነገር ይዞ ሲመጣ አያውቁትም።

ሒሳቡ በማን ስም ተጻፈ?

ማየር የተሰጠውን በደንብ ያሳየናል። የተሰጠው ከየት እንደ መጣ ግን በበቂ አያሳይም። እኔ የምነቅፈው የመጀመሪያው ጉድለት ይህ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 1933 በወጣው ሕግ አይሁድ የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ዳኞችና መምህራን በብዛት ከሥራቸው ተባረሩ። በአንድ አገር ውስጥ መምህር ሲባረር ወንበሩ ባዶ አይቀርም። ሌላ መምህር ይቀመጥበታል። በዚያው ወር ብዙ አይሁዳውያን ሐኪሞች ከጤና መድን ሥራ ሲወጡ፣ በሽተኞቻቸው ወደ ሌላ ወጣት ሐኪም ሄዱ። ያ ወጣት ሐኪም አይሁድን ይጥላ አይጥላ፣ ደመወዙ ግን አደገ። በኋላም ከ1941 ጀምሮ አይሁድ ተጭነው ወደ ሞት ሲወሰዱ፣ እንደ ሐምቡርግ ባሉ ከተማዎች የቤት ዕቃቸው በአደባባይ በጨረታ ተሸጠ። አልጋውን፣ ድስቱን፣ የሕፃኑን ልብስ ተሰልፈው የገዙት ተራ የቤት እመቤቶችና ሠራተኞች ነበሩ።

በ1933 በጀርመን የነበሩት አይሁድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ብዙው ሰው በእነሱ ላይ የተለየ ቂም አልነበረውም። ዊልያም ሸሪደን አለን የተባለ የታሪክ ምሁር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወደ 10,000 ሰው የሚኖርባትን ኖርትሃይም የተባለች ከተማ አጥንቷል። በሐምሌ 1932 ከዚያች ከተማ መራጮች ከመቶ 62 ያህሉ ለናዚ ድምፅ ሰጥተዋል። አለን የደረሰበት መደምደሚያ፣ የከተማዋ ሰዎች ወደ ናዚ የተሳቡት አይሁድን ከመጥላት የተነሣ ሳይሆን፣ አይሁድን ወደ መጥላት የሄዱት ወደ ናዚ ስለ ተሳቡ ነው የሚል ነው። ይህ ከጥላቻ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ሰዎቹ የሚፈልጉትን ዕቃ ገዙ፤ የሌላ ሰው ሞት በዋጋው ውስጥ ተጽፎ ሳለ ዋጋውን ሳያነቡ ፈረሙ ማለት ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው የአገራችን ተረት የሚያስታውሰን ይህን ነው።

«ቀስ በቀስ» የሚለው ምክንያት

አሁን ከመጽሐፉ በጣም ወደ ታወቀው ክፍል ልምጣ። በዚህ ክፍል ከአሥሩ ውጪ የሆነ አንድ የቋንቋ ምሁር ለማየር ይናገራል። የነገሩ ፍሬ አሳብ እንዲህ ነው፦ ክፋቱ በአንድ ቀን አልመጣም። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ጥቂት ብቻ የከፋ ነበር። ሰው ሁሉ ሌላው እስኪነሣ፣ ትልቁ ነገር እስኪመጣ ይጠብቃል። ትልቁ ነገር ሲመጣ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ይህን ክፍል በብዙ አገር ሰዎች ይጠቅሱታል። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን።

አሳቡ ያማረ ነው። ሆኖም የቀን መቁጠሪያ አውጥተን ስንመለከተው ብዙ አይቆምም። ሂትለር ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጥር 30 ቀን 1933 ነው። የካቲት 27 ምክር ቤቱ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ የዜጎች መብት በአዋጅ ታገደ። መጋቢት 22 የዳኻው የእስረኞች ካምፕ ተከፈተ፤ እንደሚከፈትም በጋዜጣ ተነግሮ ነበር። መጋቢት 23 ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ለሂትለር አስረከበ። ሚያዝያ 1 በአይሁድ ሱቆች በር ላይ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመው ገበያተኛ ከለከሉ። ሐምሌ 14 ከናዚ በቀር ሌላ ፓርቲ እንዳይኖር ተከለከለ። ይህ ሁሉ የሆነው ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ነው። ይህ የእንቁላል እርምጃ አይደለም፤ የፈረስ ግልቢያ ነው።

ታዲያ ምሁሩ ዋሸ ማለት ነው? አልዋሸም። ለእሱ በእርግጥ ቀስ በቀስ ነበር። በሚያዝያ 1933 ከወንበሩ ለተነሣው አይሁዳዊ ዳኛ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ሁሉ ነገር ነበር። በየካቲት መጨረሻ ሌሊት ከቤቱ ለተወሰደው ኮሙኒስትም እንዲሁ። እርምጃው ትንሽ የሚሆነው እግሩ ላልረገጠው ሰው ነው። ማየር ይህን ጥያቄ ለምሁሩ ማንሣት ነበረበት። «ለማን ነው ትንሽ የሆነው?» ማለት ነበረበት። አላለም። ምስክሩን እጅግ ስለ ወደደው ዝም ብሎ አዳመጠው።

የሚገርመው ነገር መልሱ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ መገኘቱ ነው። ማየር ከምሁሩ ቀጥሎ አንድ የኬሚካል መሐንዲስ ያቀርባል። ይህ መሐንዲስ በ1935 በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሲሠራ ለመንግሥቱ በታማኝነት እንዲምል ታዘዘ። መጀመሪያ እምቢ አለ። እንዲያስብበት 24 ሰዓት ተሰጠው። እምቢ ቢል ሥራውን ያጣ ነበር፤ በሥራው ላይ ከቆየ ግን በኋላ ሰዎችን ሊረዳ እንደሚችል አሰበና ማለ። በእርግጥም በኋላ የሚሳደዱ ሰዎችን በቤቱ ደብቋል። ይሁን እንጂ ያን ቀን ተሸነፍሁ ይላል። እንደ እሱ የተማሩ፣ ቤተ ዘመድና ሙያ ያላቸው፣ ሌላ ሥራ ለማግኘት የማይቸገሩ ብዙ ሺህ ሰዎች ያን ጊዜ እምቢ ብለው ቢሆን መንግሥቱ አይጸናም ነበር ብሎ ያምናል።

ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ምሁሩ ቀኑን አያውቀውም፤ ነገሩ እንደ ጭጋግ መጣ ይላል። መሐንዲሱ ግን ቀኑን፣ ወረቀቱንና የራሱን ፊርማ ያውቃል። ለልጆቻችን ልናስተምራቸው የሚገባን መሐንዲሱን ነው። አንባቢው ግን የሚጠቅሰው ምሁሩን ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ጭጋግ ማንንም አይከስም።

ያልተጠየቁት ሰዎች

ሁለተኛው ጉድለት ምስክሮቹ ናቸው። አሥሩም ወንዶች ናቸው። የጀርመን ሴቶች ግን ከ1919 ጀምሮ የሚመርጡ ነበሩ። ከላይ ያነሣሁትን የጋብቻ ብድር ለማግኘት ሚስትየዋ ሥራዋን መተው ነበረባት። ለዚህ ምን ትል እንደ ነበር የሰፊው ሚስት ብትጠየቅ መጽሐፉ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። የማርቡርግ አይሁድም ምስክር ሆነው በእኩል አልተቀመጡም። ናዚን እስከ መጨረሻ የተቃወሙት ሠራተኞችም እንዲሁ። የ2017ን እትም የድኅረ ቃል የጻፈው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ኤቫንስ፣ አሥሩ ሰዎችም ሆኑ ከተማዋ መላ ጀርመንን እንደማይወክሉ በትክክል ገልጿል። ማርቡርግ ከአገሩ አማካይ በላይ ለናዚ ድምፅ የሰጠች ከተማ ነበረች።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ነጻ በሆነ ምርጫ ሂትለር ከሕዝቡ ግማሹን እንኳ አግኝቶ አያውቅም። በኅዳር 1932 ድምፁ ወደ 33.1 በመቶ ወርዶ ነበር። ቁልፉን የሰጡት ትልልቆቹ ናቸው። ፍራንዝ ፎን ፓፐን የተባለው ፖለቲከኛና በፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ዙሪያ የነበሩ መኳንንት፣ ሰውየውን በጎናችን አስቀምጠን እንገራዋለን ብለው አስገቡት። ይኸው ፓፐን በሰኔ 1934 በዚያችው በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ በመንግሥቱ ጭካኔ ላይ ተናገረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ንግግሩን የጻፈለት ሰው ተገደለ። ተራው ሰው በሩን በግማሽ ከፈተ፤ ባለሥልጣኖቹ ጨርሰው በረገዱት። ማየር ትኩረቱን በሙሉ በልብስ ሰፊው ላይ ስላደረገ፣ መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ትልልቆቹን በነጻ ይለቅቃቸዋል።

እምቢ ያሉም ነበሩ። መጋቢት 23 ቀን 1933 ኮሙኒስቶቹ ወደ ምክር ቤቱ እንዳይገቡ ተከልክለው፣ አዳራሹ በናዚ ታጣቂዎች ተከብቦ ሳለ፣ 94 የሶሻል ዴሞክራት ተወካዮች ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። 444ቱ ደገፉ። ዘጠና አራቱ በዚያ ቀን ያዩትን ሌላው ሊያየው አይችልም ነበር ማለት አይቻልም።

እኛ የምናውቀው

ይህን መጽሐፍ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሲያነበው ሌላው አንባቢ የማያየውን ያያል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሾዓን ከሌላ ነገር ጋር ማመሳሰሌ አይደለም። ደርግም በምርጫ አልመጣም። የማወዳድረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ተራው ሰው ለምን እንዳጨበጨበ ነው።

በ1973 በወሎ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። መስከረም 12 ቀን 1974 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው በቮልስዋገን መኪና ሲወሰዱ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው እልል አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር 23 ቀን ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። መጋቢት 4 ቀን 1975 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ለብዙ ዘመን ርስት ተከልክሎ በሰው መሬት ሲያርስ፣ ሸክላ ሲሠራና ብረት ሲቀጠቅጥ ለኖረው ለቤተ እስራኤል ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዚያን ቀን የተደሰተውን ገበሬ አባት ማነው ክፉ የሚለው? እንደ ማርቡርጉ ሰፊ፣ እሱም እውነተኛ ነገር አግኝቷል። ከሰፊው የሚለየው ደግሞ ያገኘው ነገር ቀድሞውንም የሚገባው መሆኑ ነው።

ሒሳቡ ግን ቀጠለ። መሬታቸውን የተነጠቁት ባላባቶች በኢዲዩ ስም በጎንደር ጦር ሲያነሡ፣ መሬት ያገኘው ገበሬ በመካከል ተቀጠቀጠ። በየካቲት 1977 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በደርግ ውስጥ ያሉትን ተቀናቃኞቹን ገድሎ ብቻውን ወጣ። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ያለቁት ወጣቶች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ራሳቸውና ታናናሾቻቸው ነበሩ። በ1981 የኦርት ትምህርት ቤቶች በጎንደር ተዘጉ። በ1983 የግዴታ ውትድርና ታወጀ። መሬቱን የሰጠ እጅ ልጁን ወሰደ።

ታዲያ ማየት ይቻል የነበረው መቼ ነው? እኔ እንደማምነው በኅዳር 1974 ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ስለ ተረሸኑት ሲሰማ «የእጃቸውን አገኙ» አለ። ከተገደሉት ውስጥ በደለኞች ነበሩ አልነበሩም የሚለው አልነበረም መጠየቅ ያለበት። «ዳኛው ማን ነው?» የሚለው ነው። በጀርመንም ሰኔ 30 ቀን 1934 ሂትለር የራሱን ታጣቂዎች አለቆችና ሌሎችን፣ ቢያንስ 85 ሰዎችን፣ ያለ ፍርድ አስገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ ግድያው ሕጋዊ ነው የሚል ሕግ ወጣ። የከተማው ሰው እነዚያን ታጣቂዎች በጠብ አጫሪነታቸው ይጠላቸው ስለ ነበር፣ ብዙው ሰው እፎይ አለ። መንግሥት ያለ ዳኛ ሰው ሲገድል ሕዝቡ «ደግ አደረገ» ያለበት ቀን፣ በሁለቱም አገር የሚቀጥለው ሁሉ የተፈቀደበት ቀን ነው።

ስለዚህም የማየርን መጽሐፍ ስጨርስ የምሰጠው ፍርድ እንዲህ ነው። ተራው ሰው አምባገነንን የሚደግፈው የሚያስፈልገውን ነገር ስለሚያገኝ ነው፤ መጀመሪያ የሚገፋው ደግሞ እሱ የማያለቅስለት ሰው ስለሚሆን ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ማየር ከማንም በተሻለ አሳይቶናል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን «ቀስ በቀስ» በሚል ጭጋግ ሸፍኖታል። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የመሐንዲሱን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብበው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችን በሾዓ ቀን ሲጠይቁን «ክፉዎች ነበሩ» ብለን አንለፋቸው። የሰፊውንና የመምህሩን ታሪክ እንንገራቸው። ከዚያም እኛ ራሳችን ከኖርንበት፣ ወይም አባቶቻችንና እናቶቻችን ከኖሩበት ዘመን እንጨምርላቸው፤ መሬት ሲሰጥ የነበረውን ደስታ ሳንደብቅ፣ ዳኛ ሳይኖር ሰው ሲገደል የነበረውን ዝምታም ሳንደብቅ። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የምናውቅ ሰዎች ነን። በትምህርት ቤታቸው ይህን ሊነግራቸው የሚችል ሰው ላይኖር ይችላል።

በዚህች አገር ደግሞ ድምፅ የምንሰጥ ዜጎች ነን። በምርጫ ጊዜ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሊሰጠን ቃል ይገባል፤ ቤት፣ ሥራ፣ ክብር። መቀበል ኃጢአት አይደለም፤ አብዛኛውም የሚገባን ነው። ከመቀበላችን በፊት ግን ልጆቻችን ሲሰሙ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ የሚሰጠን ከማን ተወስዶ ነው? ሰው ሲከሰስስ የሚፈርደው ዳኛ ነው ወይስ ሰጪው ራሱ? «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላልና፣ ጥያቄው የሚጠቅመው በጊዜው ሲጠየቅ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሌላ አሳብ ያላችሁ አንባቢያን፣ በተለይም በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ ውስጥ የነበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ያያችሁትን በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ብትጽፉልን በደስታ እናነባለን።